የመረብህ ዓይን

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 5፥1-11፣ ዘዳግም 22፥6-7

ይህን መልእክት በሬዲዮ የተከታተላችሁ ወገኖች በጽሑፍ እንዲወጣ ስለጠየቃችሁ ጥቂት አስተካክለን አቅርበነዋል። አንዳንድ ቦታ ላይ የአፍ ወሬ ቢመስልህ ታገሠን፤ በማይክ ፊት የተነገረ ነውና።

አርባ ምንጭን የምታውቅ ከሆነ አንድ ቀን ሴቻ ላይ ቆመህ ቁልቁል ተመልክተህ ይሆናል። በስተግራ አባያ ተዘርግቷል፤ በስተቀኝ ጫሞ። በሁለቱ መካከል ያለውን ከፍታ ሰው ሁሉ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ከሥርህ ጫካው አለ፣ ለከተማዋ ስም የሰጧት ምንጮች የሚፈልቁበት። ማዶ የአማሮ ተራሮች ናቸው። አባያ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ትልቁ ነው፤ ከ1000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። ግን ውኃው ቀላ ያለ ነው። ያ ቅላት ምን መሰለህ? ከየተራራው በጎርፍ የሚወርደው አፈራችን ነው እኮ! (ይህ ራሱን የቻለ ስብከት ይወጣዋል፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።) ጫሞ ግን ያንሳል፣ ውኃውም ጠራ ይላል። አርባ ምንጭ መጥተህ የተጠበሰ ዓሣ፣ የዓሣ ጉላሽ ወይም የዓሣ ዱለት ከበላህ፣ ከጫሞ የወጣ የመሆኑ ነገር ሰፊ ነው።

እንግዳ ሲመጣ በጀልባ ይዘነው ወደ አዞ ገበያ እንሄዳለን። አዞውን ያያል፣ ጉማሬውን ያያል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይመለሳል። ዛሬ ላወራህ የፈለግሁት ግን እንግዳው ወደ ሆቴሉ ከተመለሰ በኋላ ወደዚያው ውኃ ስለሚገቡት ሰዎች ነው። ሲመሽ መረባቸውን ይጥላሉ፣ መረቡ ውኃ ውስጥ ያድራል፣ ጎሕ ሲቀድ ያወጡታል። ውኃው የጉማሬና የአዞ ነው። ጀልባውን የሚሸከመው እንጨት ከጣትህ ብዙም አይወፍርም።

ይህን የምለው ስለ ዓሣ አጥማጆች በቀላሉ መናገር እንዳይሆንብኝ ነው። በ2010 ዓ.ም. አባያ ዳር የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አንድ የወንጌል አገልጋይ በእሑድ ጠዋት ምዕመናንን ሲያጠምቅ አዞ ወሰደው። ዜናው ዓለምን ሁሉ ዞሮ ነበር። በዚያ ዜና ውስጥ ሰው ብዙ ልብ ያላለው አንድ ነገር አለ። ዓሣ አጥማጆችና የአካባቢው ሰዎች ሊያድኑት ታገሉ፤ ማዳን ባይሆንላቸውም አዞው አስከሬኑን ይዞ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ መረባቸውን ተጠቀሙ። ቤተሰብ የሚቀብረው አካል ያገኘው በዚያ ነው። እንግዲህ ዛሬ ስለ መረብ ስናገር፣ የምናገረው እንዲህ ስላሉ ሰዎች መረብ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንሂድ።

የገሊላ ባሕር ስንል ውቅያኖስ የሚመስለው ሰው አለ። ሐይቅ ነው። ስፋቱ ወደ 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጫሞ እጥፍ ገደማ ይሆነዋል። እዚያ ከሚያጠምዱት ዓሣ አንዱ የእኛ ቆሮሶ ዘመድ ነው፤ ዛሬም ድረስ ጎብኚው የጴጥሮስ ዓሣ እያለ ይበላዋል። ስለዚህ ሉቃስ ምዕራፍ 5ን ስታነብ ሩቅ አገር አትሂድ። ጫሞ ዳር ቁም። ጧት ነው። ሁለት ጀልባዎች ዳር ላይ ቆመዋል፣ ሰዎቹ ወርደው መረብ ያጥባሉ። ዓሣ የለም። ዓሣ በሌለበት ጧት መረብ ማጠብ ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል፤ ማንም አያወራም።

ኢየሱስ መጣና የስምዖንን ጀልባ ለመነ። ሕዝቡ ስለተጋፋው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ከዚያ ሆኖ ለማስተማር ነው። ስምዖንም ሰጠው። እስከዚህ ድረስ ለእኛ ቀላል ነው። እኛም እንሰጠዋለን። ግቢያችንን ለጸሎት ፕሮግራም እንሰጣለን፣ ሳሎናችንን ለቤት ለቤት ኅብረት እንሰጣለን፣ ጀልባችንን ለመንፈሳዊ ጉዞ እንሰጣለን። ስብከቱ አልቆ ቢወርድ ኖሮ ስምዖን "ተባረክ ጌታዬ" ብሎ ሸኝቶት ወደ ቤቱ ሄዶ ይተኛ ነበር።

ኢየሱስ ግን አልወረደም። ስብከቱን ሲጨርስ ወደ ሥራው ገባ። ወደ ጥልቁ ፈቀቅ እንዲልና መረቡን እንዲጥል አዘዘው። እስቲ አስበው፤ አናጢው ለዓሣ አጥማጁ ስለ ዓሣ ሲነግረው! ስምዖን ሌሊቱን ሙሉ ለፍተው ባዶ እንደተመለሱ ነገረው፤ ቢሆንም ስለ ቃሉ ብሎ ታዘዘ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ እኔን የነካኝ። ጌታ ጀልባህን ለመድረክ ብቻ ቢለምንህ ደስ ይልሃል። መረብህን ልይልህ ቢልህስ?

አንድ ወንድም አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ሰፈሩንም አልነግርህም። ጫሞ ላይ ያጠምዳል፤ በጉባኤያችንም ይዘምራል። አንድ ቀን ከአገልግሎት በኋላ ሰው ሁሉ እስኪሄድ ጠብቆ፣ "ፓስተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?" አለኝ። ሚስቱን ያሳዘነ ወይም ወደ መጠጥ የተመለሰ መስሎኝ ተዘጋጀሁ። እሱ ግን፣ "መረቤ ጠባብ ነው" አለኝ።

እውነቱን ልናገር? አልገባኝም ነበር። ሰፊ ግዛ ልለው ምንም አልቀረኝም።

ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። መረብ ዓይን አለው። በገመዶቹ መካከል ያለችው ቀዳዳ ዓይን ትባላለች። ዓይኑ ሰፊ ከሆነ ትንሹ ዓሣ ሾልኮ ይሄዳል፣ የደረሰው ይያዛል። ዓይኑ ከጠበበ ግን ምንም አያልፍም፤ ገና ያልወለደውም ይያዛል። ድሮ ከጫሞ ከሰው ክብደት የሚበልጥ ነጭ ዓሣ ይወጣ ነበር። ዛሬ ነጭ ዓሣ ራሱ እያነሰ ነው፣ ሰዉም በቆሮሶ ላይ ተረባረበ፤ ቆሮሶውም አነሰ። ዓሣው ባነሰ ቁጥር የመረቡ ዓይን ይጠብባል፤ ዓይኑ በጠበበ ቁጥር ዓሣው ያንሳል። ሀገራችን የዓሣ ሀብት አዋጅ ካወጣች ቆይታለች፣ ቁጥር 315/1995 ነው። ሰውዬው ሕጉን አያውቅም አይደለም። ያውቃል። ለዚህ ነው ያንን መረብ ከጨለመ በኋላ የሚጥለውና ሳይነጋ የሚያወጣው።

"ለምን?" አልኩት። ሳቀብኝ፤ ፈገግታው ግን የሐዘን ነበር። ነጋዴው በጾም ወራት የሚረከበውን ዓሣ ብር አስቀድሞ ሰጥቶታል። ያ ብር ለልጁ ትምህርትና ለእናቱ ሕክምና አልቋል። በሰፊው መረብ ዕዳው አይከፈልም። "ደግሞ እኔ ብተወው ሌላው ያወጣዋል" አለ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ ቆሮሶን አነሣ።

ይህን አላውቅም ነበር፤ ምናልባት አንተም አታውቅ ይሆናል። የቆሮሶ እናት እንቁላሎቿን ድንጋይ ሥር ጥላ አትሄድም። በአፏ ትሰበስባቸዋለች። እዚያው አፏ ውስጥ ይፈለፈላሉ። በዚያ ጊዜ እህል የሚባል ነገር እምብዛም አትቀምስም፤ አፏ በልጆቿ ተይዟላ! ትንንሾቹ ወጥተው መዋኘት ሲጀምሩ እንኳ አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ይመለሳሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዳር ዳሩን፣ ውኃው ባልጠለቀበት ቦታ ነው። ጠባቡ መረብም የሚጣለው እዚያው ዳር ዳሩን ነው። ወንድማችን እንዲህ አለኝ፦ "መረቡን ስስበው አንዳንዴ ከአፏ ይፈሳሉ፣ ፓስተር። ጀልባው ወለል ላይ ይፈሳሉ። እሑድ ስዘምር እነሱ ይታዩኛል።"

በዚያ ሌሊት ቤቴ ሄጄ ዘዳግም 22ን አነበብኩ። ብዙ ጊዜ ያለፍኩት ክፍል ነው። ሰው በመንገድ የወፍ ጎጆ ቢያገኝ፣ እናቲቱም ጫጩቶቿን ወይም እንቁላሎቿን ታቅፋ ቢያገኛት፣ እናትን ከነልጆቿ አንድ ላይ መውሰድ አይፈቀድለትም። ልጆቹን ሊወስድ ይችላል፣ እናቲቱን ግን ይለቃታል። የሚገርመው ከዚህች ትንሽ ትእዛዝ ጋር የተሰጠው ተስፋ ነው፤ አባትና እናትን ለሚያከብር በምዕራፍ 5 ላይ የተሰጠው ያው ተስፋ ነው። መልካም ኑሮና ረጅም ዕድሜ! ሰማይና ምድርን የሠራ አምላክ ስለ አንዲት ወፍ ጎጆ ሕግ አወጣ። በአንድ ጊዜ እናትንም ልጅንም የሚበላ ሰው የነገውን ሰው ማዕድ እንደሚበላ ያውቃልና።

ስለ አባቶቻችን አንድ ነገር ልበል። የጋሞ አባቶች ጎሜ የሚሉት ነገር ነበር፤ የተከለከለውን ያደረገ ሰው በራሱ፣ በቤቱ፣ በከብቱ ላይ መከራ ይመጣበታል ብለው ይፈሩ ነበር። ወንጌል ሲመጣ ከዚያ ፍርሃት ነፃ አወጣን፤ ክብር ለጌታ ይሁን፣ ወደዚያ እንመለስ የሚል የለም። ግን ልጠይቅህ፤ ጎሜን መፍራት ስንተው በቦታው ምን ተከልን? ያላመነው አባትህ ነውር ነው ብሎ የማይነካውን አንተ በጌታ ደም ታጥቤያለሁ እያልክ የምትነካው ከሆነ፣ ነፃ የወጣኸው ከምን ነው? ነፃነት የተሰጠን ከፍርሃት ወደ ፍቅር እንድንሻገር ነው። ከፍርሃት ወደ ማናለብኝነት የሚያሻግር ወንጌል አልተሰበከልንም።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፣ ይህ ነው የሚከብደኝ። ወንድማችን ሲነግረኝ አንገቴን ያስደፋኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በየጊዜው ዓሣ ያመጣልኝ ነበር። ባለቤቴ ትጠብሰዋለች፣ እንበላለን፣ እንባርከዋለን። መዳፍ የማያክሉ ዓሣዎች ነበሩ። አንድም ቀን "ወንድሜ፣ ይሄ ለምን እንዲህ አነሰ?" ብዬ አልጠየቅሁም። አሥራቱንም ስንቀበል አልጠየቅንም። ያ ጠባብ መረብ እኔንም ይመግበኝ ነበር። ስለዚህ ልመክረው ስነሣ ምክሩ ከአፌ አልወጣ አለ፤ አብረን ተንበረከክን።

ስምዖን ጴጥሮስ መቼ እንደተንበረከከ ልብ ብለህ ታውቃለህ? መረቡ ባዶ በነበረ ጊዜ አልነበረም። ያኔ ደክሞት ነበር፣ አዝኖ ነበር፣ ግን ኃጢአተኛ ነኝ አላለም። መረቡ እስኪቀደድ ዓሣ በሞላ ጊዜ ነው በኢየሱስ ጉልበት ላይ ወድቆ ኃጢአተኛ ነኝና ከእኔ ተለይ ያለው። እኛ ጌታ የሚናገረን ስናጣ ብቻ ይመስለናል። ጴጥሮስ ግን ሲያገኝ ነው የደነገጠው። ያ ሁሉ ዓሣ ጀልባው ውስጥ ሲዘለል፣ እንጀራዬን የሚሰጠኝ እጄ ሳይሆን እሱ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉም ያየኝ ነበር ብሎ ገባው። አንተስ? ሌሊት በጨለማ መረብ የምትጥለው እንጀራህን የሚሰጥህ ጨለማው ስለሆነ ነው? ጫሞን የፈጠረው አንተ ስትጥል አያይም?

ታዲያ ወንድማችን ምን አደረገ? መጀመሪያ "መረቡን ልሽጠውና ዕዳዬን ላቃልል" አለ። ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ሲያስበው፣ "የሸጥኩት መረብም ያጠምዳል" አለ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ላይ የኤፌሶን ሰዎች የጥንቆላ መጻሕፍታቸውን ሲያቃጥሉ ዋጋው ተቆጥሮ 50 ሺህ ብር ሆኖ ነበር። ሸጠው ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ይችሉ ነበር እኮ! አላደረጉትም። ወንድማችንም ግቢው ውስጥ መረቡን ዘርግቶ በቢላ ቆራረጠው። ሚስቱ አለቀሰች። የደስታ ለቅሶ ነበር ብዬ አልዋሽህም። የገዙበትን ዋጋ ስለምታውቅ፣ የነገ ሽሮ ከየት እንደሚመጣ ስለማታውቅ ነው ያለቀሰችው።

ከዚያ በኋላ ሰፊውን መረብ ጣለና ጀልባው በዓሣ ሞላ ብዬ ብነግርህ ደስ ይለኝ ነበር። በሬዲዮ ጥሩ ምስክርነት ይሆን ነበር። አልሞላም። በመጀመሪያው ሳምንት ያገኘው ለወጥ እንኳ አልበቃም። የሙዝ ጫኝ ሆኖ ወደ ጭነት መኪና ሙዝ ሲያወጣ ወገቡ እስኪጎብጥ ሠራ። ነጋዴው በየቀኑ ይደውል ነበር።

እዚህ ላይ የሉቃስ ወንጌል አንድ ነገር አስተማረን። መረቡ ከአቅም በላይ በሆነ ጊዜ እነስምዖን በሌላው ጀልባ ያሉትን ባልንጀሮቻቸውን በምልክት ጠሩ፤ እነሱም መጥተው አገዙአቸው። ሁልጊዜ ዓሣውን እንሰብካለን፤ ሁለተኛውን ጀልባ ግን እንረሳዋለን። ለበረከት ጊዜ ሁለተኛ ጀልባ ካስፈለገ፣ ለንስሐ ጊዜማ እንዴት አያስፈልግ! ሰውን ንስሐ ግባ ብለህ፣ ገብቶ ሲራብ "እንጸልይልሃለን" ብለህ የምትሸኘው ከሆነ ያዕቆብ በምዕራፍ 2 ምን እንዳለ ሂድና አንብብ።

ጉዳዩን፣ እሱ ፈቅዶልኝ፣ ለሽማግሌዎች አቀረብኩ። አንዱ አባት "ይህ የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን በመረብ ውስጥ ምን አገባት?" አሉ። እኔም ከጥቂት ቀን በፊት እንደዚያው አስብ ስለነበር አልተቀየምኳቸውም። ሌላው ግን፣ "ከዚያ መረብ የመጣውን አሥራት ስንቀበል አገባን አላልንም" አሉ። ዝም ተባለ። ከዚያ እቁብ እንደሚሰበሰበው አድርገን ሰበሰብን። ከነጋዴው ጋር ሽማግሌ ተቀምጦ ዕዳው በረጅም ጊዜ እንዲከፈል ሆነ፤ ነጋዴው ካሰብነው በላይ ለዘብ ብሎ ተቀበለን። ዓይኑ ሰፊ የሆነ መረብም ተገዛ። ብዙ አይደለም፣ ግን በዚያ ገንዘብ ያለፈ ሁሉ ድርሻ አለው። የሚገርምህ፣ ነገሩ ሲሰማ ሁለት ሌሎች ወንድሞች ማታ ማታ መጡ። "እኛም አለን" አሉ። አሁን ሦስቱ በአንድ ላይ ያጠምዳሉ። ዓሣው ዛሬም ትንሽ ነው። ጫሞ በአንድ ዓመት አያገግምም። ምናልባት ፍሬውን የሚበላው ልጁ ይሆናል፣ ምናልባትም የማያውቀው ሰው ልጅ።

አንተ ዓሣ አጥማጅ ላትሆን ትችላለህ። ላንቴ ላይ ከገበሬው ሙዝ የምትገዛ ነህ እንበል። ሚዛንህስ? ስትገዛ የሚመዝነውና ስትሸጥ የሚመዝነው አንድ ነው? ቢሮ ተቀምጠህ ማኅተም የምትመታ ነህ? ምስኪኑን ከጨንቻ አሳፍሮ፣ "ነገ ና" እየተባለ ሦስት ቀን የሚያመላልሰው ምንድን ነው? ባጃጅ ትነዳለህ? ለእንግዳው ስንት ትጠራለህ፣ ለጎረቤትህስ ስንት? አንቺ እህቴ፣ ሠራተኛሽ በልጅነቷ መንደሯን ትታ ቤትሽ መጥታለች፤ ትምህርት ቤት ትሄዳለች ወይስ ገና ሳትደርስ ተይዛ ቀረች? የእያንዳንዳችን መረብ ዓይን አለው። ሰው አይለካውም ይሆናል። የዛሬው ጥያቄ ጌታ መጥቶ ጀልባህ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ፣ ያንን መረብ ከወንበር ሥር ትደብቀዋለህ ወይስ ታሳየዋለህ ነው።

ደግሞ ጌታን ገና ያልተቀበልክ ወዳጄ ብትሆን፣ መረብህን አስተካክለህ ና አልልህም። ስምዖን አስተካክሎ አልመጣም። ኢየሱስ ነው ወደ ጀልባው የገባው፣ ያውም ባዶ ጀልባ። ከእኔ ተለይ ሲለውም አልተለየውም፤ አትፍራ አለው። በመስቀል ላይ የሞተልህ ያው ጌታ ነው። ዛሬ ካለህበት፣ ከነመረብህ፣ ጥራው። ከዚያም በአቅራቢያህ ወዳለች የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሂድና ሽማግሌዎችን አነጋግር፤ ብቻህን አትሁን።

አብረን እንጸልይ።

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ የገሊላን ውኃ የምታውቅ፣ ጫሞንና አባያንም ታውቃለህ። ዛሬ ማታ መረብ ለመጣል የሚወጡትን ከአዞና ከጉማሬ፣ ከማዕበልና ከነፋስ ጠብቃቸው። ደጅ ላይ ቆመው ለሚጠብቁአቸው ሚስቶችና ልጆች በሰላም መልሳቸው። በጨለማ የተሰወረውን መረብ አንተ አይተኸዋል፤ የምናወጣበትን ድፍረት ስጠን። ቢላዋውን ላነሣው ወንድማችን ዛሬ የሚበላውን ስጠው። እኛን፣ ሳንጠይቅ የበላነውን፣ ይቅር በለን። ዕዳ ላለበት ሰው ሁለተኛ ጀልባ አድርገን። በአፏ ልጆቿን የያዘችውንም እናት ዛሬ ሌሊት አሳልፋት። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።